ጓንት የታዘዘባቸው ፖሊሶች

ሌባና ፖሊስ ተጣምረው ወይ የሚዘርፉበት ወይ ዘራፊ የሚያሳድዱበት አስቂኝ ታሪክ በልቦለድም በፊልምም የራሱ ወግ ያለው ነው። ፖሊሱ ብቻውን የማይወጣው ጉድ ይገጥመዋል። ሌባው ሊወጣው ይችል ነበር፣ ግን እስር ቤት ነው። ስለዚህ ይዋዋላሉ። ከዚያ ወዲህ ያለው፣ የማይተማመኑ ሁለት ሰዎች አንድ መኪና ውስጥ ሲነታረኩ ማየት ነው። ካዝናው ሰበብ ነው፤ ተመልካቹ የሚገባው ለንትርኩ ነው።

ይህን ወግ የጀመረው ግን ደራሲ አይደለም፣ ዳቦ ጋጋሪ ቤት ያደገ ሌባ ነው። ኡዠን ፍራንስዋ ቪዶክ በ1775 (ዘመኑ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) በሰሜን ፈረንሳይ፣ አራስ በምትባል ከተማ ተወለደ። ለመወለጃ ከዚህ የተሻለ ስም ያላት ከተማ አይገኝም። አባቱ ዳቦ ጋጋሪ ነበሩ፤ ልጁም የመጀመሪያውን ዘረፋ ፍለጋ ሩቅ አልሄደም። የወላጆቹን የገንዘብ መሳቢያ አራግፎ ወደ አሜሪካ ሊሻገር ተነሣ። ኦስተንድ ወደብ ሲደርስ ከእሱ የበሰሉ አታላዮች ጠበቁትና ባዶ ኪሱን አስቀሩት። ሌባን ሌባ ቢሰርቀው እንዴት ይደንቀው ይባላል፤ ቪዶክን ግን እጅግ ደንቆታል።

ከዚያ ወታደር ሆነ፣ ከዳ፣ ታሰረ። በ1796 ለአንድ እስረኛ የመፈቻ ትእዛዝ በፎርጂድ ሠርቷል ተብሎ የስምንት ዓመት ከባድ ሥራ ተፈረደበት። እሱ እስከ መጨረሻው ክዷል። ከብሬስት የወኅኒ ሰፈር መርከበኛ መስሎ አመለጠ፤ ተያዘ፤ ከቱሎንም አመለጠ። ልብስ እየለዋወጠ መጥፋት ሙያው ሆነና ፖሊሱም ሌባውም በስም የሚያውቀው ሰው ወጣው። ችግሩ ያ ስም ነበር። ሠርቶ ለመኖር በሞከረበት ሁሉ አንድ የድሮ የሰንሰለት ጓደኛ ብቅ እያለ «ወይ ገንዘብ፣ ወይ ጥቆማ» ይለዋል።

በ1809 እንደገና ሲያዝ ሰልችቶት ለፓሪስ ፖሊስ አገልግሎቱን አቀረበ። ፖሊስም ተቀበለው፤ ነጻ ግን አላወጣውም። ጆሮ ጠቢ ሆኖ እዚያው እስር ቤት፣ መጀመሪያ ቢሴትር ኋላም ላ ፎርስ፣ ወደ ሃያ አንድ ወር ተቀመጠ። እስረኞቹ አላፈሩትም፤ ስንት ጊዜ ያመለጠ ጀግና መካከላቸው ተቀምጦ ሳለ ምስጢር መደበቅ እንደ ንፉግነት ሳይቆጠር አልቀረም። በ1811 ሲለቀቅም ባልደረቦቹ እንዳይጠረጥሩት አመለጠ ተብሎ ተወራ። ያን ሁሉ ጊዜ ፖሊስን ሸውዶ ሲያመልጥ የኖረ ሰው፣ ፖሊስ ራሱ በሩን ከፍቶ «በል አምልጥ» ሲለው ምን እንደተሰማው መገመት ያስቃል።

በዚያው ዓመት ሲቪል ለብሶ የሚሠራ የመርማሪዎች ቡድን፣ ሱሬቴ የተባለውን፣ አቋቋመ። በ1813 ናፖሊዮን በአዋጅ አጸደቀው። የቪዶክ የቅጥር መስፈርት ያልተለመደ ነበር፦ አመልካቹ የታሰረ ቢሆን ይመረጣል። ሌባ እናት ልጇን አታምንም የሚለው ብሂል እሱ ዘንድ የመሥሪያ ቤት መመሪያ ሆነ። ቤት ሰርሳሪ የትኛውን መስኮት እንደሚመርጥ፣ ኪስ አውላቂ ከቲያትር ቤት በር ላይ የት እንደሚቆም፣ የተሰረቀ ዕቃ ማን ዘንድ እንደሚሸጥ ከሰርሳሪና ከአውላቂ በላይ ማን ያውቃል? በአራት ሰዎች የተጀመረው ቡድን እያደር ሃያ ስምንት ደረሰ። በ1817 ብቻ፣ በአሥራ ሁለት ሰዎች፣ ወደ 800 ገደማ ተጠርጣሪ ያዘ።

ነባሮቹ ፖሊሶች እንዲህ ያለውን ውጤት በደስታ አልተቀበሉትም። የቪዶክ ሰዎች በግርግር መካከል ኪስ ያወልቃሉ የሚል ሐሜት ለአለቆች ደረሰ። ሐሜቱ ፈጽሞ የማይታመን አልነበረም፤ አመል ነውና። የቪዶክ መልስ ግን እስከ ዛሬ ይወራል። ሰዎቹ ሥራ ላይ ሳሉ ሁሉ የቆዳ ጓንት እንዲያጠልቁ አዘዘ ይባላል። ጓንት ያጠለቀ ጣት ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ገብቶ ምንም ሳይነካ፣ ምንም ሳያስነቃ ሊወጣ አይችልም። ይህን የሚያውቅ አለቃ ከየት እንደመጣ የጠየቀ የለም።

በአገራችን ሌባ ሻይ የሚባል ሥርዓት ነበር። መድኃኒት ጠጥቶ የደነዘዘ ልጅ ወገቡን በገመድ ታስሮ ይለቀቃል፤ ሹሙ ገመዱን ይዞ ይከተላል፤ ልጁ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ይባላል። እዚያም ሁለት ሰዎች ተጣምረው ሌባ ያድናሉ። ልዩነቱ፣ የፓሪሱ አዳኝ የሚያውቀው ስለበዛ የተቀጠረ ሲሆን፣ የእኛው ደግሞ ምንም የማያውቅ መሆኑ ነው የሚያስፈልገው። ለተጠርጣሪው የትኛው እንደሚሻል መናገር አያቅትም።

የሚገርመው፣ ቪዶክ ለራሱ ይቅርታ ያገኘው በ1818 ነው። እስከዚያ ድረስ የፓሪስ የወንጀል ምርመራ አለቃ፣ በወረቀት ሲታይ፣ ፍርዱን ያልጨረሰ አምላጭ ነበር። በ1827 ሥራውን ለቀቀ፤ የሕይወት ታሪኩን አሳተመ፤ የቀድሞ እስረኞችን ቀጥሮ የወረቀት ፋብሪካ ከፈተ። በ1832 ቢመለስም ብዙ አልቆየም፤ ከሰዎቹ አንዱ ራሱ ያነሣሣውን ዝርፊያ «መርምሮ ደረሰበት» የሚል ክስ ተነሣና ወጣ። በማግሥቱ ዓመት የግል መርማሪ ቢሮ አቋቋመ፤ ብዙዎች የዓለም የመጀመሪያው የግል መርማሪ ቢሮ ይሉታል። በ1857 በሰላም ሞተ።

ደራሲዎች ይህን ሰው ለመቀራመት አልዘገዩም። ባልዛክ ቮትረን የተባለውን ወንጀለኛ ከእሱ ቀዳ፤ መጨረሻም ላይ የፖሊስ አለቃ አደረገው። ቪክቶር ሁጎ ደግሞ ለአንድ ሰው በዝቶበት መሰለኝ ለሁለት ከፈለው፦ አምላጩን እስረኛ ዣን ቫልዣንን እና አሳዳጁን ፖሊስ ዣቬርን። ሁለቱም ከቪዶክ ወጥተው ሳለ ሳቁን የወረሰ ግን የለም።

ሳቁን የመለሰው ሞሪስ ለብላን ነው። በ1905 አርሴን ሉፓን የተባለውን ጨዋ ሌባ ፈጠረ። በ1910 በወጣው «813» በተሰኘው ልቦለድ ሉፓንን እንዲይዝ የተመደበው የሱሬቴ አለቃ ለኖርማን ራሱ ሉፓን ሆኖ ይገኛል። ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈውን ምስጢር ማውጣት ነውር አይሆንም። ሰውየው ራሱን ለዓመታት ማሳደዱ፣ ደመወዙንም በየወሩ መቀበሉ፣ ከዘረፋዎቹ ሁሉ ትልቁ ሳይሆን አይቀርም።

ሲኒማ ሁለቱን እንደገና ነጣጥሎ አንድ መኪና ውስጥ አስገባቸው። በ1982 በወጣው የዋልተር ሂል «48 ሰዓት» ፖሊሱ ኒክ ኖልቲ እስረኛውን ኤዲ መርፊን ለሁለት ቀን ያስወጣዋል። የፊልሙ ምርጥ ትዕይንት መርፊ የፖሊሱን ባጅ ተውሶ፣ ጥቁር የማይወደድበት መጠጥ ቤት ገብቶ፣ ፖሊስ ነኝ እያለ ቤቱን ሲያምስ ነው። ሌባው ከፖሊሱ ይበልጥ ፖሊስ ይሆናል፤ ቪዶክ ቢያየው ያጨበጭብ ነበር።

ጃፓኖቹ ከዚህ አልፈዋል። መንኪ ፓንች በ1967 ስሙን የወረሰውን የሉፓንን የልጅ ልጅ በሥዕል ታሪክ ፈጠረ፤ ዜኒጋታ የተባለ መርማሪም አስከተለበት። ሃያኦ ሚያዛኪ በ1979 በሠራው «የካሊዮስትሮ ግንብ» ሁለቱ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃሉ፤ እዚያ ሐሰተኛ ገንዘብ የሚታተምበትን ቦታ ያገኛሉ፤ እስኪወጡ ድረስ ይታረቃሉ። ዜኒጋታ ያየውን ለኢንተርፖል ቢያመለክት ትልልቆቹ መንግሥታት ጉዳዩን መንካት አይፈልጉም። ሉፓንን ማሳደድ ግን ማንም አይከለክለውም። ስለዚህ ካቴናውን ይዞ፣ የቴሌቪዥን ካሜራ አስከትሎ፣ ሉፓንን እያባረረ ግንቡ ውስጥ ይገባል፤ ማተሚያውንም «ድንገት» ያገኘዋል። «ኧረ ጉድ! ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ዓይነት ፊቱ፣ ትወና የማያውቅ ሐቀኛ ሰው ሲዋሽ የሚያሳየው ፊት ነው። ሥራው እንዳለቀም መኪናው ውስጥ ዘሎ ይገባና ሉፓንን ማባረሩን ይቀጥላል።