የብቸናና የሞጣ የመሽሎክሎክ አዋጅ

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ሞተርህን የምታስጓራ፣ ባለ ሦስት ጎማ ባጃጅ ሰጥተውህ በሁለቱ የምትታጠፍ፣ በአይሱዙና በጋሪ መሃል ነፍስህን በፍሬን ሽቦ አንጠልጥለህ የምታልፍ ሁሉ ስማ! ድሮ አዋጅ ነጋሪት እየተጎሰመ ገበያ ላይ ይነገር ነበር፤ ከ1934 ዓ.ም. ወዲህ በነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል። ይህኛው ለጋዜጣ ስላልታደለ በባጃጅ ጥሩንባ ታውጇል።

መግቢያ

ብቸናና ሞጣ ከደጀን ተነስቶ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ የተቀመጡ፣ ያው መንገድ አውራ ጎዳናቸውም፣ ገበያ መውጫቸውም፣ የተማሪ መሄጃቸውም በመሆኑ፤

ሕጉ ስለ ረድፍ አጥብቆ ሲናገር የረድፉ ቀለም አንዳንድ ቦታ ደብዝዞ፣ አንዳንድ ቦታ ጭራሹን ሳይቀባ ቀርቶ፣ ማን በማን መሃል እንደገባ ለማወቅ ሽማግሌ መሰብሰብ የግድ ሆኖ በመገኘቱ፤

አዲስ አበባ ሲመርራት ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ ሞተር እንዳይነዳ ብትከለክልና በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ባጃጅን ለጊዜው ብታግድም፣ እኛ ባጃጅ ብናግድ የጤፉን ኩንታል ወፍጮ ቤት፣ ምጥ የያዛትን ሴት ጤና ጣቢያ የሚያደርስልን ስለማይኖር፤

እንደሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የመሽሎክሎክ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ትራፊክ ፖሊስ ፊት ባይጠቀስ ይመረጣል።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

ሀ) «ክፍተት» ማለት በሁለት ተሽከርካሪዎች፣ በአንድ ተሽከርካሪና በአንድ አህያ፣ ወይም በሁለት አህዮች መካከል ለሞተረኛ የሚታይ ብርሃን ነው።

ለ) «ረድፍ» ማለት ሕጉ የሚያውቀው፣ አስፋልቱ የማያስታውሰው መስመር ነው።

ሐ) «ፍሬቻ» ማለት ከታጠፉ በኋላ የሚበራ መብራት ነው። መብራቱ ከተቃጠለ የሾፌሩ እጅ፣ እጁ ስልክ ከያዘ የተሳፋሪው እጅ ይተካዋል።

መ) «የራስ ቁር» ማለት ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ የሚኖር፣ ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ሲታይ ብቻ ራስ ላይ የሚወጣ ዕቃ ነው።

ሠ) «ትርፍ» ማለት ሦስት ሰው እንዲጭን በተፈቀደለት ባጃጅ ከሾፌሩ ጎን ተለጥፎ «እዚችው ነው የምወርደው» የሚል መንገደኛ ነው።

አንቀጽ 3፦ የተፈጻሚነት ወሰን

አዋጁ በሞተር፣ በባጃጅ፣ በብስክሌትና በጋሪ ላይ ተፈጻሚ ይሆናል። አህያ መንጃ ፈቃድ የማትጠየቅ፣ የሚፈታ ታርጋም የሌላት በመሆኗ አይመለከታትም። ጭነቷን ይዛ ጠርዝ ጠርዙን በመሄዷ ግን ምስጋና ይድረሳት።

አንቀጽ 4፦ ስለ ክፍተት ልክ

አንድ ባጃጅ ወርዱ 1 ሜትር ከ30 ሳንቲም ገደማ ነው። ክፍተቱ አንድ ሜትር ከሆነ ቀሪውን 30 ሳንቲም አንድ ሰው መክፈሉ አይቀርም፤ እስካሁን ሲከፍል የኖረው የሌላ ሰው ስፖኪዮ ነው።

የገበያ ዕለት መናኸሪያ በር ላይ የሚሆነው እነሆ። በግራ አይሱዙ እህል ያራግፋል፣ በቀኝ ጋሪ ቆሟል፣ ፈረሱ ጭራውን ያወናጭፋል። ባለባጃጁ ደርሶ ክፍተቱን በዓይኑ ይለካል። ከዚያ እጁን አውጥቶ የገዛ ስፖኪዮውን ወደ ውስጥ ያጥፋል፤ ወደ ኋላ ዞር ብሎም «እማማ፣ ጉልበትዎን ሰብሰብ ያድርጉልኝ» ይላል። እማማም አማትበው ይሰበስባሉ። ስፖኪዮውን ያጠፈ ሰው ክፍተቱ እንደማይበቃው በገዛ እጁ መስክሯልና ሌላ ምስክር አይቆጠርበትም።

«ካሊፎርኒያ ተፈቅዷል» የሚል ክርክርም ተቀባይነት የለውም። እርግጥ ያቺ የአሜሪካ ግዛት በ2016 እ.ኤ.አ. ባጸደቀችው ሕግ ሞተረኛ በተሽከርካሪዎች ረድፍ መሃል ማለፉን አውቃለታለች። ነገር ግን ሕጉ የሚናገረው ሁለት ጎማ መሬት ስለነካ ሞተር ነው። ባለባጃጅ ይህን መብት የሚሻ ከሆነ ሦስተኛውን ጎማ ቤቱ ትቶ ይምጣ። የካሊፎርኒያው ክፍተት በመኪናና በመኪና መካከል እንጂ በመኪናና በበግ መካከል አለመሆኑም ይታወቅ።

አንቀጽ 5፦ ስለ ክፍተት የአገር ልማድ

ክፍተት ለሞጣ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ከሞጣ ወደ በጌምድር የሚያሻግረው፣ በፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት የዓባይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሃሉ ተቆርጦ «ሰባራ ድልድይ» ተባለ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ አሥርት ዓመታት መንገደኛ ወገቡን በገመድ እየታሰረ፣ ከወዲያና ከወዲህ ያሉ ሰዎች እየጎተቱት ክፍተቱን ተሻገረ። ከሥር ዓባይ ነው።

እዚያ ገመድ ላይ ቀድሞ ለመሻገር በሰው ብብት ሥር የተሽሎከለከ አልነበረም። ሰው ተራውን ጠበቀ፤ የተሻገረው ዞሮ የሚቀጥለውን ጎተተ። ስለዚህ ማንም ሞተረኛ «የአገሩ ልማድ ነው» ብሎ መከራከር አይችልም። የአገሩ ልማድ ክፍተት ሲያይ መቆም ነው።

አንቀጽ 6፦ ጀግንነት ስለማያሰጥ ነገር

በብቸና ምድር ስሙ የሚነሳው አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ አድፍጦ ድንገት የሚወጣው ጣሊያን ላይ ነበር። ከቆመ አውቶብስ ጀርባ አድፍጦ ዜብራ በምታቋርጥ ተማሪ ላይ ድንገት መውጣት አርበኝነት ተብሎ አይመዘገብም። በድሮው ባላባት ወግ ለባጃጁ የፈረስ ስም አውጥቶ ከኋላ መስታወት ላይ መለጠፍ ይፈቀዳል፤ ስሙን ያነበበው ሰው ግን ከኋላ ቆሞ እንጂ ከሥር ወድቆ መሆን የለበትም።

አንቀጽ 7፦ ስለማይረቡ መከላከያዎች

«በጊዮርጊስ ይዤዎታለሁ፣ ጌታዬ» የሚለው ልመና በሞጣ ከተማ ከብዛቱ የተነሳ ለይግባኝ አይበቃም። ጊዮርጊስ ፈረሱን ሲጋልብ የሚወጋው ዘንዶ እንጂ መንገደኛ አልነበረም። «ቸኩዬ ነው»፣ «ፍሬኑ እንቢ አለኝ» እና «እሱ ነው የገባብኝ» የሚሉትም ከዛሬ ጀምሮ ተሽረዋል።

አንቀጽ 8፦ የሌሎች ወገኖች ግዴታ

ሞተረኛ ብቻውን አይሽሎከለክም፤ የሚያሽሎከልከው አለ። ስለዚህ፦

ሀ) መንገድ መሃል መኪናውን አቁሞ ከወዳጁ ጋር የሰኔን ዝናብ የሚያወጋ የአይሱዙ ሾፌር ወጉን ጠርዝ ይዞ ይጨርስ፤

ለ) ከኋላ ተቀምጦ «ቶሎ በል እንጂ ልጄ፣ እለፈው!» ሲል ቆይቶ ግጭት ሲደርስ «እኔስ ነግሬው ነበር» የሚል ተሳፋሪ እንደ ሁለተኛ ሾፌር ይቆጠራል፤

ሐ) ታርጋ የሚፈታ ትራፊክ ሲመልስ ብሎኖቹንም ጨምሮ ይመልስ፤

መ) መስመር የመቀባት ሥልጣን የተሰጠው ሁሉ ከጉብኝት ዋዜማ ውጭ ባለ ቀንም ቀለሙን ይዞ ብቅ ይበል።

አንቀጽ 9፦ ቅጣት

ይህን አዋጅ የተላለፈ ሞተረኛ ሁለት አህያ ተሰጥቶት አንድ የገበያ ቀን ሙሉ በመሰሎቹ መሃል እየነዳ ይውላል። ባለባጃጅ ከሆነ ደግሞ በራሱ ባጃጅ፣ እንደ እሱ በሚነዳ ሾፌር፣ ለክፍተቱ በሚቀርበው ወንበር ተቀምጦ ከተማውን ይዞራል። እማማ የተቀመጡበት ወንበር እሱ ነው።

አንቀጽ 10፦ ከሌሎች ሕጎች ጋር ያለ ግንኙነት

ይህ አዋጅ የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 1074/2010ንም ሆነ የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 557/2016ን አይሽርም። ያልተነበበ ሕግ መሻር አይቻልምና።

አንቀጽ 11፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ስለ ረድፍ የተደነገገው ሁሉ ረድፉ ከተቀባበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። ቀኝ ይዞ መንዳት፣ በግራ መቅደም፣ ፍሬቻን ሳይታጠፉ በፊት ማብራት፣ የራስ ቁርን ነጂውም ከኋላ የተፈናጠጠውም ራሳቸው ላይ ማድረግ ግን ቀለም አይጠብቁም። ለእነሱ ማዘግየት በጀት አልተመደበም፣ ጨረታ አልወጣም፣ ተቋራጭ አልጠፋም።

ብቸናና ሞጣ፣ በገበያ ቀን ታወጀ።