ከባድ ጽሑፍ እንገዛለን

ይድረስ ለክቡራን ከባድ ጸሐፍት፤ ባላችሁበት።

እኛ መርካቶ፣ ምን አለሽ ተራ፣ አሮጌ ወረቀት በኪሎ የምንገዛ ነጋዴዎች ነን። ሰዉ «ጽሑፋቸው አይገባም» እያለ ሲያማችሁ ሰምተን አዘንን። እኛ ዘንድ በደንብ ይገባል፤ በየሳምንቱ፣ በጆንያ።

ቀላል ጽሑፍማ ምን ይረባል! ሰው የወደደው ልብ ወለድ እኛ ጋ ሲደርስ ጠርዙ ተበልቶ፣ ገጹ በጣት ወዝ ጠቁሮ፣ ግማሹ በውሰት ጠፍቶ ነው። ሚዛን አይደፋም። የእናንተ ሰነድ ግን እጅ አልነካውም። ቢበዛ ሁለተኛው ገጽ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ታትሞበታል፤ አንባቢው እስከዚያ ታግሏል ማለት ነው። ምን ያድርግ? አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ ማን ምን እንዳደረገ ለማወቅ አራት ነጥቡ ድረስ መጠበቅ ግድ ነው። እናንተ ደግሞ «ከአፈጻጸም ማዕቀፉ አኳያ የተቀመጠውን አቅጣጫ ከማስረጽ አንጻር» ብላችሁ ትጀምሩና አራት ነጥቡን ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ታዛውሩታላችሁ።

አንባቢ ትቶን ሄደ ብላችሁ አትከፉ። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ ነቅሎ እዚህ ከተከለው ወዲህ፣ ነገሩ ያልጣመው የመርካቶ ገዢ ተሳድቦ አይወጣም። «ዞሬ እመጣለሁ» ይልና ቀጥሎ ያለው ሱቅ ይገባል። እናንተም ይኸው እየጠበቃችሁት ነው።

በእርግጥ ክብደት ሁሉ አንድ አይደለም። የዳኛቸው ወርቁ ልብ ወለድ «አደፍርስ» በ1962 ዓ.ም. ሲወጣ ከበደን ብሎ ያስቀመጠው ብዙ ነበር። እሱን ግን በኪሎ እንግዛ ብንል የሚሸጥልን አናገኝም። ሰውዬው በ1977 «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ»ን ያሳተመ ነው፤ የከበደው ቀላሉ መንገድ ጠፍቶት አልነበረም። በርበሬ ተራ ያሉ ወዳጆቻችን ሚዛን እንዲያነሳ ውሃ የተረጨ በርበሬን ጨበጥ አድርገው ይለዩታል። አንባቢም እጅ አለው። እኛን ግን ውሃው አያስከፋንም፤ መልሰን የምንሸጠውም በኪሎ ነው።

ደግሞ ቀኑ የእናንተ ነው። በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚያግድ አዋጅ ከጸደቀ ወዲህ ተስፋችን ለምልሟል። ስትራቴጂክ ዕቅዳችሁ ስኳር ይቋጥራል። ጥናታችሁ ጠምዘዝ ተደርጎ ቆሎ ይሰፈርበታል፤ ፍሬ የለውም ያለ ሐያሲ ይምጣና ይቁጠር። እናንተ በጥቅሉ ያስቀመጣችሁትን እኛ በዝርዝር እንቸረችረዋለን።

አንድ ልመና አለን። ስትልኩ የስቴፕለሩን ሽቦ ንቀሉልን፤ ቆሎ የሚቅም ልጅ ድድ ይወጋል። ከሽቦው በቀር ጽሑፋችሁ ማንንም ነክቶ አያውቅም።

ከአክብሮት ጋር
የኪሎ ነጋዴዎች