ቁጭ ብሎ መጋለብ

ባለፈው መጋቢት ፍራንክፈርት የሚኖር አብሮ አደጌን ልጠይቅ ሄድኩ። እራት ተበልቶ ቡናው እስኪቀርብ «ና፣ አንድ ነገር ላሳይህ» ብሎ ተነሳ። መጀመሪያ ጫማውን ቀየረ። ሶሉ ስስ፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ የእሽቅድምድም ሾፌሮች የሚያደርጉት ዓይነት ጫማ ነው። ቀጥሎ ጓንቱን አጠለቀ። ባለቤቱ ረከቦቱን እያስተካከለች «ጋሼ፣ ፎጣውን ይያዙለት፤ ሲወጣ ላብ በላብ ሆኖ ነው» አለችኝ። እኔም ሩቅ የምንሄድ መስሎኝ ጃኬቴን ፈለግሁ። ለካስ የምንሄደው ምድር ቤት ነው። አሥራ አራት ደረጃ ወረድን፣ ደረስን።

ወዳጄ ታክሲ ነጂ ነው። ቀን አሥር ሰዓት ያህል መሪ ይዞ ይውላል። ማታ ቤቱ ገብቶ ድካሙን የሚያወጣው ደግሞ መሪ በመያዝ ነው። የሆቴል ወጥ ሠሪ ማታ ቤቷ ገብታ ባዶ ድስት ስታማስል ብትገኝ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ጸበል ይወስዳታል። ሾፌር የሌለ መኪና ሲነዳ ግን ሆቢ ይባላል።

ከምድር ቤቱ መሀል የቆመውን ነገር በአንድ ቃል ልጠራው ብፈልግ አቃተኝ። ከወፍራም የአሉሚኒየም ዘንግ በቡሎን የተገጣጠመ አልጋ መሳይ ነገር ነው። ላዩ ላይ ከተጋጨ የስፖርት መኪና የተነቀለ ወንበር ተቀምጧል፤ በአራቱ ማዕዘን አራት ምሶሶዎች፣ በእያንዳንዱ ምሶሶ ራስ ላይ 750 ዋት ጉልበት ያለው ሰርቮ ሞተር አለ። ፊት ለፊት ሦስት ስክሪን ተደርድሯል። ከወንበሩ ሥር ሙዚቃ የማያሰማ፣ ወገብ ብቻ የሚያነዝር የድምፅ ማጉያ ተጣብቋል። መኪናው በፈጠነ ቁጥር ፊት ላይ የሚነፍስ ቬንትሌተር አለ። ፍሬን ሲያዝ ደረትን ጨምቆ የሚይዝ ቀበቶም አለ፤ ቀበቶውን የሚጎትተው ራሱን የቻለ ሌላ ሞተር ነው። በቀኝ በኩል ትልቅ ቀይ ቁልፍ ተተክሏል። «ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት። «ድንገት ማሽኑ ካበደ ማጥፊያ» አለኝ። ከዚያ ሁሉ ዕቃ መካከል ያመንኩት እሱን ብቻ ነው።

አሠራሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የእሽቅድምድም ጌም፣ መኪናው በዚህች ቅጽበት ምን ያህል እንደተጋደመ፣ እንደፈጠነ፣ እንደዘለለ በየሴኮንዱ ብዙ ጊዜ በቁጥር ይናገራል። ሲምቱልስን የመሰለ ፕሮግራም ቁጥሩን ተቀብሎ ወደ ሞተሮቹ ያስተላልፋል፤ ሞተሮቹ ወንበሩን ይንጡታል። ገንዘብ የሌለው ጀማሪ ሰርቮውን ትቶ ሁለት የመኪና ዝናብ መጥረጊያ ሞተር ከአሮጌ ዕቃ ተራ ይገዛል፣ አርዱዊኖ ከተባለ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ጋር ያያይዛል፣ ያው ይናጣል። ብልሃቱን ሳየው የመርካቶው ምናለሽ ተራ ትዝ አለኝ። እዚያም ከተጣለ ብረት አዲስ ዕቃ ይወለዳል። ልዩነቱ፣ የምናለሽ ተራው ሲያልቅ ምድጃ ወይም ባልዲ ሆኖ ይሸጣል፤ የፍራንክፈርቱ ደግሞ አያልቅም።

የዘር ሐረጉ የሚናቅ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1929 ኤድዊን ሊንክ የተባለ አሜሪካዊ፣ ቢንግሃምተን ኒውዮርክ ውስጥ ካለው የአባቱ የኦርጋንና የፒያኖ ፋብሪካ ወናፍ ወስዶ መሬት ላይ ቆሞ የሚወዛወዝ የአውሮፕላን ማሠልጠኛ ሠራ። መጀመሪያ የገዙት መዝናኛ ፓርኮች ነበሩ። በ1934 ፖስታ የሚያመላልሱ የጦር አብራሪዎች በመጥፎ አየር እየተከሰከሱ ሲያልቁ ግን የአሜሪካ ጦር ስድስት ገዛ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከ500,000 በላይ አብራሪዎች ሠለጠኑበት። የዛሬዎቹ የአብራሪ ማሠልጠኛዎች የሚቆሙበት ባለ ስድስት እግሩ ማሽን ደግሞ የመጣው ከበርሚንግሃም ነው። ኤሪክ ጎፍ የተባለ የደንሎፕ መሐንዲስ በ1950ዎቹ ሲሠራው የሚያስቀምጥበት ሰው አልነበረም፤ ጎማ ነበር። ጎማ በየአቅጣጫው እየተጠመዘዘና እየተጨቆነ ስንት እንደሚችል ለማየት የተሠራ የጎማ ማሰቃያ ነው። ዛሬ ሰዎች በገዛ ገንዘባቸው፣ ደስ ብሏቸው፣ ጎማው ቦታ ላይ ይቀመጣሉ።

አዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ማሠልጠኛ ውስጥም እንዲህ ያለ ባለ ስድስት እግር ማሽን አለ። እዚያ የሚቀመጠው ሰው ግን በማግስቱ ከኋላው ሦስት መቶ ነፍስ ጭኖ የሚነሳ ነው። ወዳጄ በማግስቱ የሚጭነው ከባቡር ጣቢያ እስከ ኤርፖርት አንድ ሻንጣ የያዘ ነጋዴ ነው፤ እሱም ቀስ ብለህ ንዳ ይለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጥበብ፣ ወደ ውሸቱ ልምጣ። ሲዋሽ እንደዚህ ተጠንቅቆ የሚዋሽ ማሽን አይቼ አላውቅም። መኪና ሲፈተለክ ጀርባችን ከወንበሩ ይጣበቃል። ምድር ቤት ውስጥ ያለ ወንበር ግን ወደፊት መፈትለክ አይችልም፤ ግድግዳ አለ፣ ከግድግዳው ወዲያ የጎረቤት ድንች አለ። ስለዚህ ማሽኑ ቀስ ብሎ ወደኋላ ያጋድማችኋል። ጀርባችሁን የሚጫነው የገዛ ክብደታችሁ ነው። በውስጠኛው ጆሯችን ያሉት ጥቃቅን ጠጠሮች ደግሞ መጋደምንና መፍጠንን ለይተው አያውቁም፤ ዓይን ስክሪኑ ላይ መንገድ ሲሮጥ ካየ «እሺ፣ ፈጥነናል» ብለው ይፈርማሉ። መጋደሙ ችኮላ ካለበት ግን ጆሯችን ይነቃል። ስለዚህ ማሽኑ ቀስ ብሎ ያጋድማል፣ ከዚያ ሳይታወቅበት እንደ ሌሊት ሌባ በጣቱ እየረገጠ ወደ ቦታው ይመለሳል። ማጋደሙና መመለሱ በአንድ አፍታ ሲዛነፍ ሆድ ይገለበጣል። ያን ጊዜ የምሥራች ነው፤ ያለ አንድ ሜትር ጉዞ ሰውን መኪና ያዞረዋል። በአገራችን ለዚህ ሎሚ ማሽተትና ፌስታል መያዝ ነበር፣ ያውም ትኬት ቆርጦ፣ ደብረ ብርሃን ሳይደርስ።

መጠኑን ደግሞ እንመልከት፤ ቁጥር አይከፋም። የወዳጄ ምሶሶዎች ከፍና ዝቅ የሚሉት 10 ሳንቲ ሜትር ነው። በፊተኛውና በኋለኛው ምሶሶ መካከል 1 ሜትር ከ20 አለ። ፊቱ እስከ ላይ ቢነሳ፣ ኋላው እስከ ታች ቢወርድ ወንበሩ የሚያጋድመው 5 ዲግሪ ቢሞላ ነው። በዚህ ዘንበል ጀርባውን የሚጫነው የክብደቱ 8 በመቶ ገደማ ነው። የፎርሙላ ዋን ሾፌር ፍሬን ሲይዝ የሚጫነው የክብደቱ አምስት እጥፍ ነው። ይህስ ይቅር፣ ማን ፎርሙላ ዋን ይነዳል? የፍራንክፈርት ትራም እንደወትሮው ፌርማታ ላይ ሲቆም ቆመው የሚሄዱትን አሮጊቶች ከክብደታቸው 10 በመቶ በሚበልጥ ጉልበት ወደፊት ይገፋቸዋል። እንግዲህ ወዳጄ በሦስት ዓመት ልፋትና በብዙ ሺህ ዩሮ የገነባው ፌራሪ የትራምን አቋቋም ገና አልደረሰበትም። አሮጊቶቹ በየቀኑ በፌስታል ጎመን ይዘው ይበልጡታል።

እርግጥ ነው፣ የዚህ ጥበብ ሊቃውንት «ቁም ነገሩ የጉልበቱ ብዛት አይደለም፣ የመጀመሪያዋ ንቅናቄ ናት፤ ጎማው ሊንሸራተት ሲል ወገብህ ቀድሞ ይሰማል» ይላሉ። ውሸት አይደለም። እኔም ተቀምጬበት የመንገዱ ጠርዝ መቀመጫዬን ሲኮረኩረኝ ተሰምቶኛል። ችግሩ አንድ ነው፦ በትላልቆቹ የኢ-ስፖርት መድረኮች ላይ የሚሽቀዳደሙት ፈጣኖቹ ልጆች በአብዛኛው ከወለል ንቅንቅ በማይል ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። የሚናጠው ተመልካቹ የማያውቀው፣ ምድር ቤት ያለው፣ አርባኛ የሚወጣው ነው።

ወዳጄ ለነገሩ አርባኛም አልወጣም። ያን ማታ ሁለት ሰዓት ያህል አብረን ቆየን። የነዳው አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። የቀረውን ጊዜ መፍቻ ይዞ ከወንበሩ ሥር ተኝቶ ነበር። አንዱ ምሶሶ ከሌሎቹ በግማሽ ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ አንዱ ቡሎን ይንጫጫል፤ ሶፍትዌሩ አዲስ እትም ወጥቶለት የትናንቱ ቅንብር ጠፍቷል። አራት ሰዓት ሲሆን ሁሉንም አጠፋ። ጀርመን አገር ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ጎረቤት እንዳይረበሽ ጸጥታ ግድ ነው። በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በጎረቤት እንቅልፍ ምክንያት ቆመ። የትራፊክ ፖሊስ እንዲህ ያለ ሥልጣን አይቶ አያውቅም።

እኔ ግን ተቃዋሚ አይደለሁም። እንዲያውም ቅሬታዬ ማነሱ ነው። እውነት፣ እውነት፣ እውነት የሚሉ ከሆነ ይሟላ! የጌሙ መንገድ በሌዘር ተለክቶ እያንዳንዷ ስንጥቅ ከገባች፣ ከስንጥቁ ጋር የሚመጣው ሂሳብ ለምን ይቀራል? በየአራት ዙሩ ማሽኑ ከሾፌሩ የባንክ ሂሳብ የጎማ ዋጋ ይቁረጥ። ኑርበርግሪንግ በተባለው የጀርመን የእሽቅድምድም መንገድ ላይ የብረት አጥር የገጨ ጎብኚ የአጥሩን ማሠሪያና የመኪናውን መጎተቻ ይከፍላል፤ እንግዲያው ምድር ቤትም ደረሰኙ ከአታሚው ይውጣ። በየሁለት ዓመቱ የመኪና ምርመራ መሥሪያ ቤት ሰው መጥቶ ወንበሩን በመዶሻ እየመታ ያስጨንቅ። ኢንሹራንሱ ይናር። የነዳጅ ሽታ በቬንትሌተሩ ይላክ፣ ዋጋውም አብሮ። ሾፌሩ ከግድግዳ ጋር ሲላተም አምቡላንስ ባይመጣ እንኳ ባለቤቱ ተጠርታ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ሦስት ሰዓት ትጠብቅ። አሁን ግን ምን ይሆናል? መኪናው ብትንትኑ ይወጣል፣ ወዳጄ አንዲት ቁልፍ ይነካል፣ መኪናው ታጥቦ፣ ነዳጅ ሞልቶ፣ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ይጠብቀዋል። ይህን ጊዜ ወንበሩ ለምን አይንቀሳቀስም? ትልቁ ንቅናቄ እኮ እዚህ ጋ ነበር።

ከጌም ተነስቶ እውነተኛ ሾፌር የሆነ ሰው የለም ወይ? አለ። ጃን ማርደንቦሮ የተባለ እንግሊዛዊ ወጣት እ.ኤ.አ. በ2011 በግራን ቱሪዝሞ ጌም ውድድር አሸንፎ እውነተኛ እሽቅድምድም ገባ፤ በ2023 ፊልም ተሠራለት። እዚያው ኑርበርግሪንግ ላይ፣ በመጋቢት 2015፣ ፍሉግፕላትስ በሚባለው ዳገት ራስ ላይ መኪናው ከመሬት ተነስቶ አጥሩን አለፈ። አንድ ተመልካች ሞተ። ወዳጄ ያችን ዳገት በየማታው ያልፋታል። ምሶሶዎቹ አራት ሳንቲ ሜትር ብድግ ያደርጉታል፣ ፈገግ ይላል።

አገሩን አስቡት ደግሞ። ወዳጄ የሚኖረው አውቶባን ባለበት አገር ነው፤ ፍጥነት ያልተገደበበት ረጅም መንገድ በነጻ ተዘርግቶለታል። ምድር ቤት የሚናጥበት የኑርበርግሪንግ ሰሜናዊ ዙር፣ 20.8 ኪሎ ሜትሩ በሙሉ፣ ከደጁ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ውድድር በሌለበት ቀን መንጃ ፈቃድ ያለው ማንም ሰው በገዛ መኪናው ገብቶ አንድ ዙር መንዳት ይችላል፤ ዋጋው 30 ዩሮ ገደማ ነው። «ሄደህ ታውቃለህ?» አልኩት። «አይ፣» አለኝ፣ «መኪናዬን ልጎዳት?»

ልጆች ሳለን፣ እኔና እሱ፣ የድስት ክዳን መሪ አድርገን ሰፈሩን እንዞር ነበር። ሞተሩ አፋችን ነው፣ ማርሹ ትንፋሻችን። ዳገት ላይ ሲያቅተን ማርሽ እንቀንሳለን፣ ስንወድቅ ጉልበታችን ይላጣል። እናቱ ክዳኑን ፈልጋ ስታጣ ያለውን ንቅናቄ ምንም ሰርቮ አይሠራውም። እሱ የዚያን ጊዜም ከእኔ ይፈጥን ነበር፤ ይህን አልክድበትም።

በሦስተኛው ቀን ኤርፖርት ያደረሰኝ በታክሲው ነው። ከተማ መሀል ቀይ መብራት ድንገት በራበት፣ ፍሬን ያዘ፣ ወደፊት ተወረወርኩ፣ ቀበቶው ደረቴን ጨምቆ መለሰኝ። ዞር ብሎ አየኝና «ይቅርታ ወንድሜ፣ ፍሬኑ ይይዛል፤ ሰኞ ጋራዥ አስገብቼ አላላዋለሁ» አለኝ።