ኧረ «ቀላል ነው» አትበሉን

ኪሮሽ ልትማር የተነሳች ሴት መጀመሪያ የምትሰማው «ቀላል ነው» የሚለውን ነው። ክር ሻጩ ይላታል፤ ቪዲዮ የምትለቀዋ ትላታለች፤ ሙያው ካላቸው ዘመዶቿም የማይላት የለም። እሷም ቃላቸውን ይዛ ክርና ኪሮሽ ገዝታ ቤቷ ትገባለች። ክሩ ይጠላለፋል፣ የጀመረችው ይጣመማል፤ ትተረትረዋለች፣ እንደገና ትጀምራለች፣ ደግሞ ይጣመማል። ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ሁሉም በፌስታል ተቋጥሮ ቁም ሳጥን ውስጥ ይወረወራል። በየቤቱ እንዲህ ያለ ፌስታል ስንት አለ! ክሩ ቢቀመጥ አይበላሽም፤ የሚያንገበግበኝ ልጅቷ «እኔ እጄ ለዚህ አልተፈጠረም» ብላ መቅረቷ ነው። እጇ ምንም አልጎደለውም። ቀላል ነው ብለው የሰጧት ነገር ለጀማሪ የሚሰጥ ስላልነበረ ነው።

እስቲ መጀመሪያ አሻንጉሊቱን ተዉልን። ጃፓኖች አሚጉሩሚ የሚሉት፣ በኪሮሽ ተሠርቶ ሆዱ የሚሞላው ትንሹ ድብና ጥንቸል አሁን አሁን የጀማሪ ሥራ ሆኖ ቀርቷል። መዳፍ ላይ የሚቀመጥ ነገር ስለሆነ ቶሎ የሚያልቅ ይመስላል። ሲጀመር ግን ክሩን ጣት ላይ ጠምዝዞ ቀለበት መሥራት፣ ቀለበቱ ሳይፈታ ስድስት ዓይን ውስጡ መሥራት፣ ከዚያ ጫፉን ስቦ መሐሉን መድፈን አለ። ኪሮሽ አያያዝ ገና ያልለመደን እጅ ይህን አድርግ ማለት ግፍ ነው። ሥራው ደግሞ ሳይቋረጥ የሚዞር ስለሆነ ዙሩ የት እንደተጀመረ አይታይም፤ መነሻው ላይ የሌላ ቀለም ክር ወይም መርፌ ቁልፍ ካልተደረገበት ቆጠራው ይጠፋል። ይህም ሁሉ አልፎ እግሩ ለብቻ፣ እጁ ለብቻ፣ ጆሮው ለብቻ ተሠርቶ በመርፌ መሰፋት አለበት። የሚሰፋው ደግሞ ሥራው ጀማሪውን ሰልችቶት ካበቃ በኋላ ነው።

ዳንቴሉም ያው ነው። እኛ አገር ኪሮሽ ሲነሳ መጀመሪያ የሚታየን እሱ ነው፤ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ማቀዝቀዣው ላይ፣ የሶፋው መደገፊያ ላይ፣ ቡፌው ውስጥ ከብርጭቆው ሥር የተነጠፈው። ያንን እያየች ያደገች ልጅ ያንኑ ልሥራ ብትል አይፈረድባትም። የሚፈረደው «እሺ፣ ጀምሪ» ብሎ ቀጭን ክር በሚያስይዛት ላይ ነው። የዳንቴል ክር ቁጥሩ በጨመረ መጠን ይቀጥናል፤ 10 የሚባለው ይሻላል፣ 20 እና 40 ግን ዓይን ያፈሳሉ። ኪሮሹም ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ማታ በመብራት ይህን ይዞ የተሳሳቱትን ዓይን መፈለግ ልምድ ያላትንም ሴት ያታክታል።

ክብነቱም ለብቻው ጣጣ አለው። ክብ ነገር ዘርጋ ብሎ እንዲተኛ በየዙሩ የሚጨመረው ዓይን ልክ አለው። በአጭሩ አሠራር ከስድስት ይነሳና በየዙሩ ስድስት ይጨመራል፦ 6፣ 12፣ 18፣ 24 እያለ። ክሩ አንዴ ኪሮሹ ላይ ተጠምጥሞ በሚሠራው በረጅሙ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ12 ተነስቶ በየዙሩ 12 ይጨመራል። ካነሰ ጠርዙ ወደ ላይ ይነሳና የብርጭቆ ማስቀመጫ የተባለው ኮፍያ ይሆናል፤ ከበዛ ጠርዙ እንደ ቀሚስ ዘርፍ ይሸበሸባል። ዳይና ታይሚና የምትባል የላትቪያ ተወላጅ የሒሳብ ምሁር አሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሳለች፣ በ1997 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ይህንኑ መሸብሸብ ሆን ብላ ተጠቅማ ሃይፐርቦሊክ የሚባለውን የጂኦሜትሪ ገጽ በኪሮሽ ሠርታ አሳይታለች። ከወረቀት ተሠርቶ ቶሎ ይቀደድ የነበረው ሞዴል በክር ሲሠራ ተማሪዎች በእጃቸው እያጠፉና እየዘረጉ የሚማሩበት ሆነ። ይህን ያህል ሒሳብ ያለበትን ነገር ለጀማሪ «ዝም ብለሽ ዙሪያውን ሂጂ» ብሎ መተው ምን ይባላል? ስድስት ስድስት ጨምሪ ለማለት እኮ ደቂቃ አይፈጅም።

ከሁሉ የሚብሰው ግን የጠርዙ ነገር ነው። ሻርፕ ለጀማሪ ይሆናል የሚሉት እውነታቸውን ነው፤ ቀጥ ብሎ የሚሄድ፣ የማይጨመርበት የማይቀነስበት ሥራ ነው። ታዲያ የጀማሪ ሻርፕ ለምንድን ነው ሁልጊዜ ከታች ሰፍቶ ከላይ የሚጠበው? በ20 ዓይን ተጀምሮ ክንድ ያህል ሳይረዝም 14 የሚሆነው ለምንድን ነው? መልሱ አጭር ነው፤ ግን የሚነግር የለም። ረድፉ አልቆ ሥራው ሲገለበጥ ለከፍታ ተብሎ የሚሠራ ሰንሰለት አለ፤ ለአጭሩ አንድ፣ ለረጅሙ ሦስት። በረጅሙ አሠራር እነዚያ ሦስት ሰንሰለቶች አብዛኛውን ጊዜ የረድፉ የመጀመሪያ ዓይን ሆነው ይቆጠራሉ። ስለዚህ በሚቀጥለው ረድፍ የመጨረሻው ዓይን የሚሠራው እዚያው ሦስተኛው ሰንሰለት አናት ላይ ነው። ያቺ ዓይን ጠባብ ናት፣ ወደ ጎን ትተኛለች፣ ከሌሎቹ ጋር አትመሳሰልም። የማያውቃት ሁሉ ይዘላታል፤ በዘለላት ቁጥር ረድፉ አንድ ይቀንሳል።

ሰፈራችን ውስጥ ዕድሜያቸውን በዳንቴል ሥራ ያሳለፉ አንዲት እናት አሉ። አንዲት ልጅ እየጠበበ ያስቸገራትን ሻርፕ ይዛ በሄደች ጊዜ አብሬ ነበርኩ። «አምጪው እስቲ ልጄ» ብለው ተቀበሏት፤ መነጽራቸውን እንኳ አላደረጉም። በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጠርዙን ፈልቀቅ አደረጉና «ይቺውልሽ፣ ይቺን ነው የዘለልሻት» አሏት። ወረድ ብለው «ይቺንም፣ ይቺንም» አሉ፤ እያንዳንዷን ረድፍ እየነኩ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ አየችና «እማማ፣ ይቺ ዓይን ናት እንዴ? እኔ እኮ ክሩ የተላላ መስሎኝ ነው» አለች። ከዚያ በፊት ያየቻቸው ቪዲዮዎች ለቁጥር የሚያታክቱ ነበሩ፤ ያቺን ቦታ አቁሞ ያሳያት አንድም አልነበረም።

ቪዲዮዎቹን ማንሳት ካልቀረ፣ ኧረ ስለ ፈጣሪ ዝግ በሉ። ሰላምታው ረጅም፣ ላይክና ሼሩ ረጅም፣ ሥራው ጋ ሲደረስ እጅ ይፈጥናል። የምትወጋው ዓይን በራሷ ጣት ይሸፈናል፤ ካሜራው ፊት ለፊቷ ስለሆነ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ይሆንብናል። ክሩ ጥቁር ወይም ደማቅ ሰማያዊ ነው፤ በጥቁር ክር ላይ ዓይን ለይቶ ማየት ለሠራችውም ይቸግራል፣ በስልክ ለምታየውማ እንዴት ይሆናል? በግራ እጃቸው የሚሠሩትን ጭራሽ የሚያስታውሳቸው የለም። ምስሉን በመስታወት እንደሚታየው ገልብጦ መልቀቅ ብቻ ይበቃቸው ነበር።

በእንግሊዝኛ የተጻፈ መመሪያ አግኝተው የሚሠሩትም ሌላ ፈተና አለባቸው። አሜሪካኖች ሲንግል ክሮሼ የሚሉትን እንግሊዞች ደብል ክሮሼ ይሉታል፤ የአሜሪካው ደብል የእንግሊዞቹ ትሬብል ነው። መመሪያው የማን እንደሆነ ካልተጻፈበት ኮፍያው ለሕፃን ይሁን ለአዋቂ የሚታወቀው ካለቀ በኋላ ነው። አንድ መስመር ጨምሮ የየትኛው አገር እንደሆነ መግለጽ ምን ያህል ያደክማል?

የክሩን ነገር አንስቼ ባልጨርሰው ደስ ባለኝ። የክር ጥቅል ሲመረት ወገቡ ላይ ወረቀት ይታሰርለታል። ወረቀቱ ላይ ክብደቱ በግራም፣ ርዝመቱ በሜትር፣ የሚስማማው ኪሮሽ በሚሊ ሜትር፣ ከየትኛው ማቅለሚያ ዙር እንደወጣም በቁጥር ይጻፋል። እኔ በምገዛባቸው ሱቆች፣ መርካቶም ሾላም፣ ወረቀቱ ያለበትን ክር ማግኘት ዕድል ነው። ወይ ተቀዷል፣ ወይ ክሩ ተከፍሎ በፌስታል ተጠቅልሏል። 50 ግራም ክር 100 ሜትርም ሊሆን ይችላል፣ 200 ሜትርም፤ ውፍረቱ ነው የሚወስነው። ወረቀቱ ከሌለ ለአንድ የሕፃን ሹራብ ስንት ጥቅል እንደሚበቃ በምን ይታወቃል? በግምት ይገዛል፣ እጅጌው ላይ ሲደርስ ያልቃል። ተመልሰው ሲሄዱ «ያው ነጭ ነው» ተብሎ የሚሰጠው ነጭ ከበፊቱ ነጭ ጋር አይገጥምም። ሱቅ ውስጥ አይለይም፤ ከቤት ወጥቶ ፀሐይ ላይ ሲያዩት ግን እጅጌው ሌላ፣ ደረቱ ሌላ ነው። ለአራስ ጥየቃ ሊወሰድ የታሰበ ሹራብ እንዲህ ሆኖ ሲቀር ያሳዝናል። ጥጥ በአዋሽ ሸለቆ፣ በመተማና በሁመራ የሚበቅልባት አገር ሆና ወፈር ያለ፣ ለጀማሪ የሚሆን የጥጥ ክር ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ መንከራተታችንም ሌላው ቁጭት ነው። የሚገኘው አብዛኛው አክሪሊክ ነው፤ ለሹራብ ይሆናል፣ ትኩስ ድስት መያዣ ግን አይሠራበትም፣ ሙቀት ያቀልጠዋል። ይህንንም ለጀማሪ የሚነግራት የለም።

ባለ ቀለም ካሬዎቹ እየተሠሩ የሚገጣጠሙበት ብርድ ልብስም ከ«ቀላል» ዝርዝር አይጠፋም። አንዷ ካሬ በእርግጥ ቀላል ናት። ግን ካሬዋ አራት ቀለም ካላት የእያንዳንዱ ክር መጀመሪያና መጨረሻ ተንጠልጥሎ ስምንት ጫፍ ይቀራል። መቶ ካሬ ላለው ብርድ ልብስ ስምንት መቶ ጫፍ ማለት ነው፤ ሁሉም በመርፌ ተስቦ ውስጥ ለውስጥ ካልተደበቀ ሲታጠብ ይተረተራል። ከዚያ በኋላ ነው መቶውን ካሬ እርስ በርስ መስፋቱ የሚጀመረው።

እኔ የሚያስተምር ሰው ብሆን ለልጅቷ የማስይዛት ወፈር ያለ፣ ነጣ ያለ ክርና 5 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ነው። ሰንሰለት ብቻ ትሥራ፤ እጇ ክሩን ሳያጠብቅም ሳያላላም መያዝ እስኪለምድ ሰንሰለት። ከዚያ በአጭሩ አሠራር አራት ማዕዘን የዕቃ ማጠቢያ ጨርቅ፣ በየረድፉ መጨረሻ እየቆጠረች። ቢጣመምም ሰሃን ያጥባል። ይህ ፎቶ ላይ ስለማያምር ይመስለኛል ማንም «ይህን ሥሪ» የማይላት።

ይህን ሁሉ አልፋ ሙያው እጇ የገባላት ሴትም አታርፍም። ሥራው የሚያስከብራት መስሏት ነበር፤ የሚመጣው ግን «ለእኔም አንድ ሥሪልኝ፣ አንቺ እኮ ቁጭ ብለሽ ነው» የሚል ዘመድ ነው። ልትሸጥ ብታወጣው ገዢው «ክሩ ስንት ነው?» ብሎ ከዚያ ይነሳል። «ከውጭ የመጣው በዚህ ዋጋ ግማሽ ይገኛል» ይላታል። ሹራብ የሚሠራ ማሽን አለ፣ ዳንቴል የሚመስል ጨርቅ የሚያወጣ ማሽንም ሞልቷል፤ እውነተኛው የኪሮሽ ሥራ ግን እስከ ዛሬ በእጅ ነው የሚሠራው። ገበያ ላይ በርካሽ የተሰቀለው የኪሮሽ ቀሚስ እውነተኛ ከሆነ፣ የሆነ አገር ያለች አንዲት ሴት ዓይን በዓይን ሠርታው ለድካሟ ምንም ያህል አልተከፈላትም ማለት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ አየርላንድ ድንቹ ተበላሽቶ ሕዝቡ በረሃብ ባለቀበት ጊዜ፣ ሴቶች የኪሮሽ ዳንቴል እየሠሩና እየሸጡ ቤተሰብ አብልተውበታል። እኛም ሰፈር በዚህ ሙያ ልጅ ያስተማሩ እናቶች አሉ። ዋጋውን በክሩ የሚተምነው ሰው ያንን የሚያውቅ አይመስለኝም።

ስለዚህ ወራት የፈጀ የአልጋ ልብስ በክሩ ዋጋ ስጪኝ የሚል ሁሉ፣ ክርና ኪሮሽ ይዞ የእጁን መዳፍ የምታህል አንዲት ካሬ ይሥራ፤ ጠርዟም ሳይጠብ ትድረስ። የዋጋውን ነገር ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።