ዌብሳይትን ገበያ በደራበት ሰዓት ቀጥ የማድረጊያ መንገድ

በፓይተንና በኤስኪውኤልአልኬሚ የተሠራ መሸጫ ዌብሳይት ገበያው በደራበት ሰዓት ቀጥ እንዲል የሚፈልግ ሰው ብዙ አይድከም። ሴሽን ይክፈት፣ የደንበኛውን ሒሳብ ከዳታቤዙ ያንብብ፣ ከዚያ ሴሽኑን ሳይዘጋ የክፍያ ድርጅቱ መልስ እስኪልክ ይጠብቅ።

ሴሽኑ የመጀመሪያውን ክዌሪ ሲልክ የኤስኪውኤልአልኬሚ ኢንጂን ካጠራቀማቸው ኮኔክሽኖች አንዱን ይወስዳል። ኮሚት ወይም ሮልባክ እስኪደረግ ወይም ሴሽኑ እስኪዘጋ ድረስ አይመልሰውም። ባንክ መስኮት ፊት ቆሞ ስልክ እንደሚያወራ ሰው ነው፤ ሰልፉ ከኋላው ይረዝማል። ኢንጂኑ ሌላ ካላዘዙት በቀር 5 ኮኔክሽን ያቆያል፣ ሲጠበው 10 ይጨምራል፤ ከዚያ ወዲያ የለም። ዌብሳይቱ የሚሠራው በፋስትኤፒአይ ከሆነ ደግሞ፣ እሱ አሲንክ ያልሆኑ ፈንክሽኖችን እስከ 40 በሚደርሱ ትሬዶች ያስኬዳል። ስለዚህ 15 ገዢዎች የክፍያ መልስ ሲጠብቁ፣ የዋጋ ዝርዝር ብቻ ለማየት የመጣው 16ኛው ሰው አንዳቸው ካልለቀቁለት 30 ሰከንድ ተገትሮ ስሕተት ይደርሰዋል። ዳታቤዙ ይህ ሁሉ ሲሆን ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። የሚያንገበግበኝም ይኼ ነው፤ ሰርቨሩ አነሰ ተብሎ ትልቅ ማሽን ቢከራዩለት እንኳ ቁጥሩ ያው 15 ነው። አንብቦ መልቀቅ፣ መልሱ ሲመጣ አዲስ ሴሽን መክፈት ግን ምንም አያስከፍልም።

ጥፋቱ እንዲከፋ የፈለገ አንድ ሴሽን ለሁሉም ትሬድ ያጋራ። ሴሽን ለዚህ አልተሠራም። የአንዱ ገዢ ትእዛዝ ከሽፎ ሮልባክ ሲደረግ፣ ገና ኮሚት ያልተደረገው የሌላው ትእዛዝ አብሮ ይጠፋል። የሰው ገንዘብ ነውና ይህን በቀላሉ ማለፍ አልችልም።

ኢንጂኑንም በየጥያቄው እንደ አዲስ ይፍጠር። እያንዳንዱ ኢንጂን የራሱን ኮኔክሽን ይዞ ይቀራል፤ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ከሆነ ደግሞ ካልተቀየረ በቀር የሚቀበለው 100 ኮኔክሽን ነው።

በመጨረሻ 200 ትእዛዞችን አምጥቶ የእያንዳንዱን ገዢ ስም በሉፕ ውስጥ ይጥራ። ገዢዎቹ የተለያዩ ከሆኑ 201 ክዌሪ ይሄዳል። በሠሪው ላፕቶፕ ላይ ያሉት ሦስት የሙከራ ትእዛዞች ናቸውና እዚያ ችግሩ አይታይም። የኢንጂኑን ኢኮ ትሩ አድርጎ ገጹን አንዴ የከፈተ ሰው ግን ክዌሪዎቹ ሲግተለተሉ በዓይኑ ያያል፤ ሴሌክትኢንሎድ ሲጨምርበት 2 ብቻ ይቀራሉ።