ፀሐይ በደላላ

በከሚሴ ዋጋ የማይጠየቅበት አንድ ነገር ቢኖር ፀሐይ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው የደብረ ሲናን ብርድ ጥሎ ቁልቁል ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትንና ሰንበቴን አልፎ ከሚሴ ሲደርስ ጃኬቱን አውልቆ በክንዱ ይዟል። ፀሐዩ ቆርቆሮ ያግላል፣ ማሽላ ያደርቃል፣ የተሰጣ ልብስ ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ ለመታጠፍ ያደርሳል። ለዚህ ሁሉ ውለታው ደረሰኝ አይቆርጥም፤ ቆጣሪም የለው። እንግዲህ በዚህ ከተማ የመስታወት ገንዳ አቁሞ፣ የባሕር ውሃ ሞልቶ፣ «ፀሐይ አልፈልግም» የሚል እንስሳ ማርባት ምን ይባላል?

ሐሳቡ ላይ ላዩን ሲያዩት ያማልላል። በውጭ አገር ኮራል በቤታቸው የሚያረቡ ሰዎች ለመብራቱ ብቻ ብዙ ገንዘብ ያወጣሉ። ስለዚህ አንዱ ተነሥቶ «መብራት በየጊዜው ለሚጠፋበት አገር መብራት የማይፈልገውን ኮራል ማምጣት ነዋ!» ቢል፣ በተለይ በበርጫ ሰዓት ከሆነ፣ የማይስማማ አይገኝም። ምርቃናው እስኪወርድ ድረስ እንከን የማይወጣለት ሐሳብ ነው። እኔ የምለው ግን ተቃራኒውን ነው። ብርሃን የማይፈልገው ኮራል ለከሚሴ ከኮራል ሁሉ የማይመቸው ነው፤ በነፃ የምንሰጠውን አንድ ነገር ገፍቶ የሌለንን ሁሉ ይጠይቀናልና።

ኮራል ድንጋይ ወይም ተክል ይምሰል እንጂ እንስሳ ነው። ኮራል በሚገነባው የባሕር ውስጥ ዓለት፣ በሪፍ፣ ላይ ከሚታዩት ብዙዎቹ በሥጋቸው ውስጥ በዓይን የማይታይ አልጌ ያሳድራሉ። አልጌው በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ይሠራል፤ ከሠራውም አብዛኛውን ላሳደረው እንስሳ ይሰጣል። ዴንድሮኔፍቲያ የሚባለው የለስላሳ ኮራል ወገን ግን አልጌ አያሳድርም። ሰው የሚያብድለት ውበቱም ከዚሁ የመጣ ነው። ቡናማው ቀለም የአልጌው ስለሆነ፣ አልጌ የሌለበት ቀይ፣ ብርቱካናማና ሐምራዊ ሆኖ ይታያል። ቀረብ ብሎ ላየው ሥጋው ውስጡን ያሳያል፤ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ በቆዳው ውስጥ የተሰካኩት የኖራ መርፌዎች ለዓይን ይለያሉ፤ በቅርንጫፎቹ ጫፍ የተሰበሰቡት ትናንሽ አፎችም እያንዳንዳቸው ስምንት ላባ መሳይ ክንዶች ይዘረጋሉ። ውሃው መንቀሳቀሱን ሲያቆም ያ ሁሉ ግርማ ይሟሽሽና አንድ እፍኝ ይሆናል።

«ባሕር የሌለው ሰው ስለ ኮራል ምን አገባው?» ለሚለኝም መልስ አለኝ። ከቀይ ባሕር ዝርያዎች አንዱ ዴንድሮኔፍቲያ ሄምፕሪኪ ይባላል። ስሙ ከክርስቲያን ኤረንበርግ ጋር ቀይ ባሕርን ሲያጠና ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1825 በምጽዋ የሞተው ጀርመናዊ ቪልሄልም ሄምፕሪክ መታሰቢያ ነው። ከዚያም ይቀርባል። በበጋ ከብቶቻቸውን ነድተው ወደ ጎረቤታችን ጨፋ ረግረግ የሚመጡት አፋሮች አገር በጥንት ዘመን ባሕር ገብቶበት ነበር፤ በደናክል ዝቅተኛ ስፍራ ዳር ዳር መቶ ሺህ ዓመት ያለፈው የኮራል ሪፍ ዛሬም ደርቆ ቆሟል። ባሕሩ ነው እንጂ የሸሸው እኛስ ካለንበት አልተነቃነቅንም። ወንዛችን ቦርከና በበኩሉ ተስፋ ሳይቆርጥ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል።

አሁን ወደ ሆዱ እንምጣ። ካትሪና ፋብሪሲየስ፣ ይሁዳ ቤናያሁና አማጽያ ጌኒን እ.ኤ.አ. በ1995 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ይህ ኮራል በዋናነት የሚኖረው ፋይቶፕላንክተን፣ ማለትም በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ ደቂቅ አልጌ፣ እየበላ መሆኑን አሳዩ። ፋይቶፕላንክተን ደግሞ የሚኖረው በፀሐይ ነው። ቀዩ ኮራል ፀሐይ አልፈልግም ሲለን የከረመው ለካ ፀሐይን በደላላ እየተቀበለ ኖሯል! ሰኞ ባቲ ገበያ ግመል ገዝቶ የሚያውቅ ነገሩ አይጠፋውም፤ ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ቆመው ሳለ መካከል ገብቶ እጅ ለእጅ የሚያጨባብጥ አለ፤ ኮሚሽኑም አይቀርም። ባሕር ውስጥ ኮሚሽኑን የሚችለው ባሕሩ ነው። ቤት ውስጥ ግን ከአባወራው ኪስ ይወጣል።

«ጠዋትና ማታ ቆንጠር አድርጎ ማብላት ነው» የሚል አይጠፋም። ለዓሣ ይሆናል። ይህ ፍጥረት ግን አንዴ በልቶ የሚያድር አይደለም፤ ወራጁ ውሃ የሚያመጣለትን ደቃቅ ነገር ቀንም ሌትም ጥቂት በጥቂት እየለቀመ ነው የሚያድገው። ስለዚህ የሚያረቡት ሰዎች ምግቡን በጠብታ የሚለቅ ፓምፕ ይተክላሉ፤ ውሃውን የሚያንቀሳቅስ ሌላ ፓምፕ ይጨምራሉ፤ ያልተበላው እንዳይበሰብስ አረፋ እያስነሣ ቆሻሻውን የሚያወጣ ሦስተኛ ያቆማሉ። ምግቡ ሲያንስ ኮራሉ ይከሳል፣ ሲበዛ ውሃው ይበላሻል። ብዙው ዴንድሮኔፍቲያ ገንዳ በገባ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ተርቦ የሚሞተው በዚህ መካከል ነው። እስቲ አሁን መብራት ይጥፋ። ፀሐይ በሉ ኮራል ጨለማው አያስደነግጠውም፤ ባሕርም ውስጥ ይመሻል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር መንፊያ ያሰነብተዋል። በምግብ የደፈረሰው የቀዩ ገንዳ ግን ኦክስጅኑ ቶሎ ያልቃል። መብራት አልፈልግም ያለው እንስሳ መብራት ሲጠፋ ቀድሞ የሚሞተው እሱ ሆኖ ቁጭ!

ጨውም አለ። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል፤ 200 ሊትር ገንዳ 7 ኪሎ ይፈልጋል ማለት ነው። ብዙ የሚመገብ ገንዳ ውሃው ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር፣ በሳምንት አምስተኛው እንኳ ቢቀየር 1.4 ኪሎ ይጨመራል። «አፍዴራ እያለ በጨው አትምጣብን» ማለት ያምራል፤ ነገር ግን በባሕር ውሃ ካለው ጨው 85 በመቶ ያህሉ ነው ሶዲየምና ክሎራይድ። የቀረው ማግኒዥየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየምና መሰሎቻቸው ነው፤ ኮራሉ እነዚያን የኖራ መርፌዎች የሚሠራው ከዚህ ነው። አዮዲን የተጨመረበት የወጥ ጨው ለወጥ ነው።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የማከብረው አንድ አለ፤ «አልጌውን ራሳችን እናርባ» የሚለው። እውነት ነው፣ ይቻላል። የታሸገ ውሃ የተሸጠበትን ፕላስቲክ አጥቦ፣ የባሕር ውሃና ጥቂት ማዳበሪያ ጨምሮ፣ የአልጌ ዘር ጥሎ፣ አየር እየነፉ ብርሃን በሚያገኝበት ማስቀመጥ ነው፤ በቀናት ውስጥ ውሃው አረንጓዴ ይሆናል። ለዚህ ሥራ ከሚሴን የሚያህል ቦታ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ግን ልብ እንበል፤ ዞሮ ዞሮ ወደ ፀሐይ ነው የተመለስነው። ፀሐዩን በፕላስቲክ አጠራቅመን፣ ጨምቀን፣ በፓምፕ አንጠባጥበን ፀሐይ ለተጸየፈ ኮራል ከምናጎርስ፣ ፀሐዩን ራሱን በመስኮት ገብቶ እንዲያበላ ብንፈቅድለት ምን ይጎድልብናል?

በመራባቱ ቀዩ አይታማም። በባሕር ውስጥ ከቅርንጫፉ ጫፍ ጥቂት አፎች የያዘች ቁራጭ ይጥላል፤ ቁራጯ ሥር መሳይ መያዣ አዘጋጅታ ስለምትወድቅ ድንጋይ ባገኘች በጥቂት ቀን ትጣበቃለች። በገንዳም በስለታም ምላጭ ቆርጦ ከድንጋይ ጋር በክር ማሰር ነው። «እንግዲያው አብዝተን እንሸጣለን፣ ዋጋውም ውድ ነው» የሚለው ነጋዴ የዘነጋው ነገር ቢኖር፣ አንዱን ራብተኛ አሥር ማድረግ ሀብት ማፍራት አለመሆኑን ነው። ገዢ ደጋግሞ የሚመጣውም የቀደመው ስለሞተበት ነው። ሳርኮፊቶን የሚባለው ቡናማ ለስላሳ ኮራል ግን በመቀስ ተቆርጦ አሥር ቢሆን፣ አሥሩንም ያው ፀሐይ ይመግባቸዋል፤ ለቁጥሩ ተጨማሪ አይጠይቅም።

«ግን እኮ አያምርም» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ አያምርም። ቡናማ ነው፣ እንጉዳይ ይመስላል፣ አንዳንድ ሳምንት ተኮራምቶ ይከርማል። ግን ይኖራል። ከሚሴ ላይ የባሕር ገንዳ ካላቆምኩ የሚል ሰው ካለ ሳርኮፊቶንን ይያዝ፤ የጠዋቱ ፀሐይ ብቻ በሚገባበት በምሥራቅ መስኮት አጠገብ ያስቀምጠው፣ ውሃው ከ27 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዳያልፍ ፀሐዩ ሲበረታ ያጥላለት፣ ለአየር መንፊያው ባትሪ ያዘጋጅ። ቀዩን ግን፣ ወዳጆቼ፣ በስጦታ ቢያመጡላችሁም አትቀበሉ።