ዓሣ በባቡር

ሰው የያዘውን ዓሣ መልሶ የሚለቀው ምን ሆኖ ነው? በፍልሰታ ጾም፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ስንት የሚያሳስብ ነገር እያለ እኔ ይህንን ሳነሣና ስጥል እውላለሁ። ጥፋተኛው ሜሪላንድ ያለው የአክስቴ ልጅ ነው። በቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ቪዲዮ ላከ። ጀልባ ላይ ቆሟል፤ ደረቱም ክንዱም በማስታወቂያ የተሞላ ሹራብ ለብሷል፤ ጎኑ ነሐስማ፣ ዐይኑ ቀይ የሆነ ዓሣ በሁለት እጁ ወደ ካሜራው ዘርግቷል። ከዚያ ጎንበስ አለና ወንዙ ውስጥ ለቀቀው። ዓሣው ጅራቱን አንዴ ወዝወዝ አድርጎ እብስ! ከሥሩ ዘመድ ሁሉ "እንኳን ደስ ያለህ" ደረደረበት።

ምን አግኝቶ ነው ደስ የሚለው?

እዚሁ ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ከእኛ በር ፊት ለፊት የሚኖሩት አክስቴ መነጽራቸውን አድርገው ቪዲዮውን ደጋግመው አዩት።

"አመለጠው እንዴ?" አሉ።

"አይ፣ ራሱ ነው የለቀቀው።"

"ምነው? አመመው?"

"ዓሣውን?"

"ልጄን!"

ነገሩ ውድድር ነው። ስሞልማውዝ ባስ የሚባለውን ዓሣ በመንጠቆ እየያዙ አሜሪካኖች ይፎካከራሉ። ማለዳ በጀልባ ይወጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ ከያዙት ውስጥ ደህና ደህናዎቹን አምስት መርጠው ሚዛን ላይ ያቀርባሉ፤ የአምስቱ ክብደት ተደምሮ የበለጠለት ያሸንፋል። ዓሦቹ ታዲያ በሕይወት መቅረብ አለባቸው። የሞተበት ሰው ከክብደቱ ላይ ይቀነስበታል። ይህን ይዞ መልሶ የመልቀቅ ልማድ በውድድር ያስፋፋው ሬይ ስኮት የሚባል፣ ኢንሹራንስ ይሸጥ የነበረ አላባማዊ ነው፤ በ1968 እ.ኤ.አ. የባስ አጥማጆች ማኅበር መሠረተ፣ በ1972 ደግሞ የያዛችሁትን አትግደሉ ማለት ጀመረ። ለዚሁ ሲባል ጀልባው ላይ ቀኑን ሙሉ ውኃው የሚታደስ፣ አየር የሚነፋለት ጋን አለ። እኛ ሰፈር ከሰማይ እንዲህ እየወረደ እንኳ ቧንቧው ፈረቃውን ይጠብቃል፤ ሮቶአችን አፉን ከፍቶ ሌሊት ሌሊት ይጠብቀዋል።

አሸናፊው ደግሞ ሽልማቱን ከመቀበሉ በፊት የውሸት መመርመሪያ ማሽን ላይ ሊቀመጥ ይችላል። ዓሣ ለያዘ ሰው! ግን አልፈርድባቸውም። በ2022 እ.ኤ.አ. በኤሪ ሐይቅ በተደረገ ውድድር፣ ዓሣው ሌላ ዓይነት ቢሆንም፣ ዳኛው የሁለት አሸናፊዎችን ዓሦች ሆድ ቢቀድ የእርሳስ ኳስ ዱብ ዱብ አለ። ከእርሳሱ ጋር የሌላ ዓሣ ሙዳ ጭምር ታጭቆበታል። ሰዎቹ ጥፋታቸውን አምነው ዐሥር ዐሥር ቀን ታስረዋል። ቅቤ በሙዝ፣ በርበሬ በሸክላ ሲደባለቅ ያየ የአዲስ አበባ ሰው ግን ይህ አያስደነግጠውም። እንዲያውም ዓሣን በዓሣ መደባለቃቸው ሃይማኖት እንዳላቸው ያሳያል።

እኔን እንቅልፍ የነሣኝ የባቡሩ ጉዳይ ነው። የአክስቴ ልጅ የሚወዳደርበት የፖቶማክ ወንዝ ድሮ ይህ ዓሣ አልነበረውም። በ1854 እ.ኤ.አ. ከተራራው ማዶ፣ ከኦሃዮ ወንዝ በኩል፣ በባልቲሞርና ኦሃዮ ባቡር ተጭኖ ነው የመጣው። የእንፋሎት ሞተሩ የሚጠጣውን ውኃ የሚሸከም ከኋላው ጋሪ አለ፤ ዓሦቹ እዚያ ውኃ ውስጥ ተደርገው ከምበርላንድ ሲደርሱ ቦይ ውስጥ ተለቀቁ፤ ከቦዩ ወንዙ ውስጥ ገቡ፣ ተዋለዱ፣ ባለአገር ሆኑ።

1854ን ልብ በሉልኝ። ያኔ እኛ ጋ ደጃዝማች ካሣ ገና ቴዎድሮስ አልተባሉም፤ ዘውድ የጫኑት በተከታዩ ዓመት በየካቲት ነው። ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው። የአሜሪካ ዓሣ ከአዲስ አበባ ሰው 63 ዓመት ቀድሞ ባቡር ተሳፍሯል ማለት ነው። እሺ፣ ይሳፈር። በ2008 ዓ.ም. የከተማችን ባቡር ሥራ ጀመረና ከአያት ተነሥቶ ወደ ምዕራብ መጣ፣ መጣ፣ ልባችን ተሰቀለ፤ ጦር ኃይሎች ሲደርስ ቆመ። እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያለነው በሚኒባስ ነን። ማታ ጦር ኃይሎች ሰልፍ ላይ በጭቃ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ረዳቱ "ዓለም ባንክ አንድ ሰው! አንድ ሰው!" እያለ አራት ይጭናል። "ጠጋ ጠጋ በሉ" ይላል፤ ወዴት እንደሆነ አይናገርም። አንዱ ጎኔ በመስኮቱ ብርድ ደንዝዞ፣ የማላውቀው ሰው ዘንቢል ጭኔ ላይ ተቀምጦ ስጓዝ ያ ዓሣ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። የራሱ የውኃ ክፍል ተሰጥቶት፣ ያለ ሰልፍ፣ በመልስ ሳይጨቃጨቅ፣ ተራራ ተሻግሮ የሄደው!

ለአክስቴ ይህን ሳጫውታቸው፣ "እና ያ ዓሣ መጤ ነዋ?" አሉ።

"መጤ ነው።"

"ልጄም በዲቪ ነው የሄደው" አሉና እንደ መጽናናት ብለው ቡናቸውን ፉት አሉ።

እኛም ብንሆን በንጉሡ ጊዜ ትራውት ከኬንያ አስመጥተን ባሌ ዳንካና ዌብ ወንዞች ውስጥ ለቀናል። ዓሣ ማስመጣት ነውር የለውም። የእኔ ቁጭት ሌላ ነው። ይህ ሁሉ እንክብካቤ ለመጤ ዓሣ ነው። ጣና ውስጥ ያለው፣ ነጭ ዓሣ የምንለው ግን ከየትም አልመጣም፤ ሌላ የትም የለም። ሊቃውንቱ ላቢዮባርበስ ይሉታል፤ ከአንድ ዘር ተነሥተው እዚያው ሐይቅ ውስጥ እየተለያዩ ዐሥራ አምስት ያህል ዝርያ የሆኑ ዓሦች ናቸው። ክረምት ሲገባ፣ ይኸው አሁን በነሐሴ፣ ብዙዎቹ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ ወንዞች አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ሽቅብ ወጥተው ጠጠር ላይ እንቁላል ሊጥሉ። መንገዳቸውን ማንም ያውቀዋል፤ ስለዚህ መረቡ ቀድሞ በሩ ላይ ይጠብቃቸዋል። የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ጣና የገቡት በ1986 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ብቻ የእነዚህ ዓሦች ክምችት 75 በመቶ ያህል ወርዶ ተገኘ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጥቷል። አዋጁም አለ፤ መረቡም አለ። እርጉዝን ደጅ ላይ አድብቶ መያዝ ዓሣ ማጥመድ ነው እንዴ? ታንኳ ላይ በርዶት የሚያድረውን አጥማጅ አይደለም የምለው፤ እሱ የሚያበላው ልጅ አለው። አዋጅ አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ የሚቆልፈውን፣ ሕገ ወጡን መረብ በኩንታል አስገብቶ የሚቸረችረውን ነው። በላይኛው ፖቶማክ እኮ በእንቁላል ወራት ባስ ይዞ ማስቀረት ክልክል ነው! እዚያ ጎጆውን ጠጠር ላይ ሠርቶ እንቁላሉን የሚጠብቀው ወንዱ ስለሆነ፣ እሱ ከተወሰደ ሌሎች ዓሦች መጥተው ይበሉታል።

አክስቴ ይህን የመጨረሻውን ሲሰሙ ምንም አላሉም፤ ዞር ብለው ባለቤታቸውን ብቻ ለረጅም ጊዜ አዩዋቸው።

እኔ ግን ርቦኝ ነበር። ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም የሚለው ክርክር ቤታችን ውስጥ አልተዘጋም። አክስቴ ደም ያለው ሁሉ ሥጋ ነው ባይ ናቸው፤ በፍልሰታማ ስሙንም ባታነሡብኝ ይላሉ። እኔ ሾልኬ ታች አስፋልቱ ዳር ወዳለው ዓሣ ቤት ወረድኩ። ጎኑ በቢላ የተተለተለ ሙሉ ቆሮሶ፣ ዘይቱ ገና እየተንጫጫ፣ ከሎሚና ከዳጣ ጋር መጣልኝ። ጭንቅላቱ አካባቢ ያለችው ሥጋ ትጣፍጣለች፤ የማይበላት ሰው ዓሣ በላሁ አይበል።

የአክስቴ ልጅ ለገና ይመጣል። የማጥመጃ ዘንጌን ይዤ ልምጣ ወይ ብሎ ጽፏል። ሻንጣው ግን ከወዲሁ ተከፋፍሏል፤ የግፊት መለኪያው፣ ቫይታሚኑ፣ የጎረቤት ልጅ ጫማ ቦታ ይዘዋል። ዘንጉ ተፈትቶ ለሁለት እንደሚሆን ለአክስቴ ብነግራቸው፣ "እንግዲያው ግማሹን ያምጣ" አሉ።